ድሮፐር ምንድን ነው? ሳይክላችንስ ያስፈልገዋል?

ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ስትወጡ የሳይክሉ ኮርቻ ከፍ ማለት አለበት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ተዘርግቶ ሊያልቅ ትንሽ ይቅረው። ኮርቻው ካጠረ ዳገቱ ሳይጋመስ ጭናችሁ ይቃጠላል።

ችግሩ መመለሻው ነው። ድንጋያማውን ቁልቁለት ስትይዙ ሰውነታችሁ ወደ ኋላና ወደ ታች መሄድ ይፈልጋል። ያ ከፍ ያለ ኮርቻ ግን መንገድ ይዘጋበታል። አንድ ቀን የፊት ጎማዬ ድንጋይ መታ፤ ኮርቻው ከኋላ ገፋኝ፤ በመሪው ላይ ተሻግሬ ቁልቋል ላይ አረፍኩ። እሾሁን እህቴ እየሳቀች በወረንጦ ስትለቅም አመሸች። ከየት እንደለቀመች አትጠይቁኝ።

ድሮፐር ለዚህ የተሠራ የኮርቻ ዘንግ ነው። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ ይገባል። መሪው ላይ፣ ብዙ ጊዜ በግራ አውራ ጣት በኩል፣ ትንሽ ማንሻ አለች። እሷን ተጭናችሁ ስትቀመጡበት ይወርዳል፤ ስትለቋት ባለበት ይቆለፋል። ብድግ ብላችሁ ስትጫኗት ደግሞ ውስጡ የታመቀው አየር ወይም ስፕሪንግ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ሳትቆሙ ነው። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ። የአስፋልት ተወዳዳሪም ተጠቅሞበታል፦ ስሎቬኒያዊው ማቴይ ሞሆሪች በ2022 እ.ኤ.አ. የሚላን–ሳንሬሞን ውድድር ያሸነፈው ድሮፐር ገጥሞ፣ በመጨረሻው ቁልቁለት አምልጦ ነው።

ታዲያ ልግዛ ወይ? ከፒያሳ አዘዞ ለሚመላለስ አይረባም፤ ብሩን ለጎማና ለፍሬን ያውለው። ኮሶዬ ድረስ በአስፋልቱ ወጥቶ ለሚመለስም ቢሆን ጫፍ ላይ ቆሞ አንዴ በእጅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። እኔ የምለው፣ ወሳኙ የቁልቁለቱ ርዝመት አይደለም፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ምን ያህል ይፈራረቃሉ ነው። መሞከሩ ደግሞ በነፃ ነው። የኮርቻውን ማሰሪያ መፍቻ ኪሳችሁ ክተቱና ቁልቁለት በመጣ ቁጥር 10 ሴንቲ ሜትር አውርዱት። በአንድ ጉዞ አራት አምስቴ ከቆማችሁ፣ ወይም ቆሞ ማውረዱ አሰልችቷችሁ እንዳለ ከወረዳችሁ፣ ድሮፐር ያስፈልጋችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ዘንግ አውጥታችሁ የተጻፈበትን ውፍረት አንብቡ፦ 27.2፣ 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። አዲሱ ዘንግ ከዚያ ከወፈረ አይገባም፤ ከቀጠነ ግን መሙያ ቱቦ (ሺም) ሊያስገጥመው ይችላል። ከገጠማችሁት በኋላ ደግሞ የበጋው አቧራ ጠላቱ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሚወርድ የሚወጣውን ቱቦ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፤ አሸዋ ከገባበት ጎማ ማኅተሙን ይበላዋል፣ ከዚያ ኮርቻው ከወረደ አይነሳም።