ጥራት ቁጥጥርና ማርኬቲንግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጥራት ክፍል ሥራ ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ያበቃል»

ብዙ ደንበኛ የሚያሳጣው ይህ አመለካከት ነውና ሰፋ አድርጌ ልየው። ኮምቦልቻ ላይ ፓስታ የሚያመርት ፋብሪካ አለ እንበል። የጥራት ባለሙያዋ ናሙና ወስዳ ትቀቅላለች፤ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ስለበሰለላት ታሳልፈዋለች። ያው ፓስታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጭኖ ደሴ ሲደርስ ግን የቤት እመቤቷ «ልቡ ጥሬ ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 1,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮምቦልቻ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ተጠግቶ ሲፈላ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ግን 92 እንኳ ሳይሞላ ይፈላል። ስለዚህ ፓስታው ደሴ ላይ ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። መፍትሔው ማሸጊያው ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ቅሬታውን የሚሰማው ሽያጭ፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ጥራት ነው፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ ያቺ መስመር አትጻፍም።

«ጥራት ክፍል ሽያጭ ያጓትታል»

ለምርመራ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ የቆመ ጭነትና ቆቦ ደርሶ የተመለሰ ጭነት ኪሳራቸው አይወዳደርም። የተመለሰው የነጋዴውንም እምነት ይዞ ይሄዳል።

«ማስታወቂያ የማርኬቲንግ ጉዳይ ብቻ ነው»

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። «ሙሉ በሙሉ ከዱረም ስንዴ (ለፓስታ ከሚመረጠው ጠንካራ ስንዴ) የተሠራ» ብሎ ከማሳተም በፊት እውነት መሆኑን በሰነድ ማሳየት የሚችለው ጥራት ክፍል ነው። ዓለም አቀፉ የጥራት አመራር ደረጃ፣ የአይኤስኦ 9001 ሰርተፊኬትም እንዲሁ። የሚመሰክረው ስለ ድርጅቱ የአሠራር ሥርዓት እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ዱቄት አይደለም፤ የምርቱ ማረጋገጫ አስመስሎ ማሸጊያ ላይ ማተም ገዢን ማሳሳት ነው። ደረጃው ራሱ ድርጅቱ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ማሟላት መቻሉን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ያም ማለት ሽያጭ «እናደርሳለን» ብሎ ቃል ከመስጠቱ በፊት ጥራትንና ምርትን መጠየቅ አለበት።

«ቅሬታውን ካስተላለፍን ግዴታችንን ተወጥተናል»

«ደንበኛው አልወደደውም» የሚል መልእክት ለጥራት ባለሙያ ምንም አይነግረውም። ባቲ ያለ ነጋዴ ዱቄቱ ነቀዝ አወጣ ቢል መጠየቅ ያለበት ብዙ ነው፦ የባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው ዕቃ መለያ) ስንት ነው? መቼ ተመረተ? ስንት ከረጢት ላይ ታየ? ሱቁ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቆየ? ከአሮጌ እህል ጋር ተደርድሮ ነበር? ባቲ ሞቃት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ነቀዝን ያፈጥናል። ፋብሪካው ካስቀረው የዚያው ባች ናሙናም ሆነ ወልድያ ከተላከው ላይ ነቀዝ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ማከማቻው ያዘነብላል። ሁሉም ጋ ከታየ ግን ችግሩ የፋብሪካው ነው፤ የቀረውን ባች ወዲያው ከገበያ መሰብሰብ ያስፈልጋል። የባች ቁጥር ከሌለ ግን ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ ሲካሰሱ ይከርማሉ።

ነጋዴው መልስ ሊነገረውም ይገባል። ጥፋቱ የማከማቻው ቢሆን እንኳ ከረጢቱን ከመሬት በርብራብ እንዲያነሣ፣ የቀደመውን አስቀድሞ እንዲሸጥ ሽያጩ ሄዶ ያስረዳው። አለዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ገበያ «ልጄ፣ ባለፈውም ነግሬህ ነበር እኮ» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ አከፋፋይ ያዞራል።