የአካባቢ ትምህርት መምህራን ጉባኤዎች

የአካባቢ ሳይንስና የአካባቢ ጥበቃ መምህራን የሚገናኙባቸው ጉባኤዎች መነሻ እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ነው። ያ ጉባኤ በ96ኛው ምክረ ሐሳቡ ዓለም አቀፍ የአካባቢ ትምህርት ፕሮግራም እንዲቋቋም ጠየቀ። ፕሮግራሙ በ1975 በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ትብብር ተጀመረ። በዚያው ዓመት ቤልግሬድ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የአካባቢ ትምህርትን ግብና ዓላማዎች የሚገልጸውን ሰነድ፣ የቤልግሬድ ቻርተርን፣ አወጡ።

ዋናው ጉባኤ ግን የትብሊሲው ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 14 እስከ 26 ቀን 1977 በጆርጂያ ዋና ከተማ የተቀመጡት የመንግሥታት ልዑካን ስለነበሩ፣ የባለሙያዎች ሐሳብ የነበረው ጉዳይ አገሮች የተቀበሉት መርሕ ሆነ። ከጸደቁት 41 ምክረ ሐሳቦች መካከል አምስት ዓላማዎችን የዘረዘረው ዛሬም ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ ይጠቀሳል፤ ዓላማዎቹም ግንዛቤ፣ እውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎትና ተሳትፎ ናቸው። ከሁሉም የሚከብደው አምስተኛው ነው። የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች በፈተና ላይ አሟልቶ የጻፈ ተማሪ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለውን ቦረቦር ሄዶ ካላየና ለማዳን እጁን ካልዘረጋ፣ በትብሊሲ መለኪያ ትምህርቱ ገና አልተጠናቀቀም።

ጉባኤው የአካባቢ ትምህርት ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች አቋርጦ እንዲያልፍና ከመደበኛው ትምህርት ውጭም እንዲሰጥ መክሯል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን በትምህርት ክፍሎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ ስለ አንድ ወንዝ ብክለት የሚያስተምር ሰው ኬሚስትሪውን ከአንዱ፣ ሕጉን ከሌላው፣ የገበሬውን ኑሮ ከሦስተኛው ክፍል መፈለግ አለበት። እነዚህን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ መድረክ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሞስኮ በ1987፣ ተሰሎንቄ በ1997፣ የሕንዷ አህመዳባድ በ2007 ባስተናገዷቸው ጉባኤዎች የትብሊሲን ውይይት ቀጥለዋል፤ በተሰሎንቄ ትምህርቱ ከዘላቂነት ጋር በግልጽ ተቆራኘ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በፖርቱጋል፣ ኤስፒንሆ ከተማ የተጀመረው የዓለም የአካባቢ ትምህርት ኮንግረስ ደግሞ ከመንግሥታት ልዑካን ይልቅ የመምህራን፣ የተመራማሪዎችና የሲቪል ማኅበራት መድረክ ነው። በ2007 ደርባን፣ በ2013 ማራካሽ አስተናግደውታል።

ለአፍሪካዊ መምህር ይበልጥ የቀረበው ግን በ1982 የተመሠረተው የደቡባዊ አፍሪካ የአካባቢ ትምህርት ማኅበር ይመስለኛል። ጉባኤው ከአገር አገር ስለሚዞር፣ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የማይችል መምህር ተራው አገሩ ሲደርስ በአውቶቡስ ሄዶ ሊካፈል ይችላል።