ባዞፊል በሰው የመከላከል ሥርዓት ውስጥ ያለው ድርሻ

ባዞፊል በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ሁሉ ቁጥሩ አነስተኛው ነው፤ በጤነኛ ሰው ደም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኧርሊክ በ1879 እ.ኤ.አ. በሕዋሱ ቅንጣቶች አቀላለም ለይቶ ገለጸው። መቅኔ ውስጥ ኢንተርሉኪን 3 በተባለ፣ ሕዋሳት መልእክት በሚለዋወጡበት ፕሮቲን እየታገዘ ያድጋል፤ ወደ ደም ከወጣ በኋላ ዕድሜው በቀናት የሚቆጠር ነው።

ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ከአለርጂ ጋር ነው። ገጹ አይጂኢ የተባለውን አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) አጥብቀው በሚይዙ ተቀባዮች የተሞላ ነው። አለርጂ ቀስቃሹ ነገር ጎን ለጎን ያሉትን አይጂኢዎች ሲያስተሳስር ሕዋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ማሳከክና እብጠት የሚያስከትለውን ሂስታሚን ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። ኢንተርሉኪን 4 ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ኢንተርሉኪን 13 እስከ 20 ሰዓት ገደማ መመረቱን ይቀጥላል። ኢንተርሉኪን 4 ገና ሥራ ያልያዙ ረዳት ቲ ሕዋሳትን (ሌሎች የመከላከል ሕዋሳትን የሚመሩ) ወደ ዓይነት 2፣ ማለትም ወደ አለርጂ ወደሚያደላው ምላሽ፣ ያዘነብላቸዋል። ሁለቱ ኢንተርሉኪኖች በአንድነት አንቲቦዲ የሚሠራው ቢ ሕዋስ አይጂኢ ወደ ማምረት እንዲሸጋገር ይገፋፉታል።

አዙሪቱ እዚህ ላይ ነው፦ አይጂኢ በበዛ ቁጥር በባዞፊል ገጽ ላይ ያሉት ተቀባዮችም ይበዛሉ። ኦማሊዙማብ የተባለው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ነጻ አይጂኢ ሲይዝ ይህ አዙሪት ይላላል፤ በአንድ ጥናት በእያንዳንዱ ባዞፊል ላይ የነበሩት ወደ 220,000 የሚጠጉ ተቀባዮች ከ3 ወር ሕክምና በኋላ ወደ 8,300 ወርደዋል።

አይጂኢ ብቸኛው መቀስቀሻ አይደለም። አይጂዲ የተባለው አንቲቦዲም ከባዞፊል ጋር ተጣብቆ ሲተሳሰር ሕዋሱ ቢ ሕዋሳትን የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል። በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች ዳር የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዝያ ትል እንቁላልም የራሱ መንገድ አለው፤ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን፣ አይጂኢው የተሠራው ለየትኛውም ነገር ቢሆን፣ ከባዞፊል ኢንተርሉኪን 4 ያስለቅቃል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአይጥ የተሠሩ ጥናቶች ባዞፊል ባዕድ ነገርን ለቲ ሕዋስ አቅርቦ እንደሚያሳይ ገልጸው ነበር። ይህን ወደ ሰው በቀጥታ ማዛወር ስህተት ነው። የሰው ባዞፊል ለዚህ የሚያስፈልገው ኤችኤልኤ ዲአር የተባለው ማሳያ ፕሮቲን በገጹ ላይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉት አጋዥ ፕሮቲኖችም የሉትም ማለት ይቻላል። በአይጦቹም ቢሆን ባዞፊልን ለማጥፋት የተወጋው አንቲቦዲ ተመሳሳይ ተቀባይ ያላቸውን ዴንድሪቲክ ሕዋሳት (ባዕድ ነገርን ለቲ ሕዋስ ማሳየት ዋና ሥራቸው የሆነ) ጭምር ስለሚያጠፋ የአንዱ ሥራ ለሌላው ተቆጥሯል። ስለዚህ በሰው ባዞፊልን ሌሎች የጀመሩትን ምላሽ የሚያጎላ አድርጎ ማየት ይሻላል።

በቤተ ሙከራም ጥንቃቄ ይሻል። ባዞፊልን በአይጂኢ ተቀባዩ በኩል ይዞ ከደም መለየት ሕዋሱን ራሱን ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ ሌሎቹን ሕዋሳት አስወግዶ እሱን ሳይነኩ ማስቀረት ይመረጣል። ለባዞፊል መቀስቀስ ምርመራ (ሕዋሱ ለአለርጂ ቀስቃሽ የሚሰጠውን ምላሽ ለሚለካው) ደሙ የሚቀዳው ሄፓሪን የተባለ የደም መርጋት መከላከያ ባለው ብልቃጥ ነው፤ ሌላው መከላከያ ኢዲቲኤ ካልሲየምን ስለሚይዝ ቅንጣቶቹ እንዳይለቀቁ ያግዳል። ናሙናው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ቀድሞ፣ ይሠራል። ከአለርጂ ቀስቃሹ ጋር በ37 ዲግሪ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሚመረምረው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር፣ የሕዋሱን መቀስቀስ የሚያሳዩት ሲዲ63 እና ሲዲ203ሲ ይለካሉ። ፀረ ሂስታሚን መድኃኒት ውጤቱን አያዛባም፤ በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ ግን ሊያዳክመው ይችላል። ከ10 ሰዎች የአንዱ ገደማ ባዞፊል በአይጂኢ በኩል ጭራሽ አይቀሰቀስም። ስለዚህ ፀረ አይጂኢ (አይጂኢን የሚያስተሳስር አንቲቦዲ) የተጨመረበት የማነጻጸሪያ ናሙና ካልተቀሰቀሰ ውጤቱ «አለርጂ የለም» ተብሎ አይነበብም፤ የሚጻፈው «መወሰን አልተቻለም» ተብሎ ነው።