ለወፍ ፎቶ ስኮፕና ካሜራ ስትመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፣ ያቤሎ አካባቢ እንዳለው ቡሽ ክሮው ሌላ የትም አገር የማይገኙም አሉበት። አሁን አሁን ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች እየበዙ ነው፣ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ሰው ስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ብር ይዞ ሄዶ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን እቃ ገዝቶ ሲመጣ ነው። ስኮፕም ሆነ ካሜራ ላይ ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር አይደለም፣ ዋናው ብርሃን ነው፣ ቀጥሎ እቃው አለመንቀጥቀጡ ነው፣ ከዛ ደግሞ ወፉ ጋ ምን ያህል ቀርባችኋል የሚለው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስኮፕ 60 እጥፍ ከሚያጎላ 100 እጥፍ የሚያጎላው ይሻላል»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስፖቲንግ ስኮፕ ማለት ትራይፖድ ላይ ቆሞ በአንድ አይን የሚታይበት የሩቅ ማሳያ ነው፣ ላዩ ላይ 20-60 በ80 የሚል ነገር ተጽፎ ታያላችሁ። ከ20 እስከ 60 እጥፍ ያጎላል፣ 80 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው በሚሊ ሜትር። አሁን 80ን ለ20 አካፍሉት፣ 4 ይመጣል፣ ወደ አይናችሁ የምትገባው የብርሃን ክብ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት ማለት ነው። ዙሙን 60 ላይ ስታደርሱት ግን 80 ለ60 ነውና 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ትቀራለች፣ በክቧ የቆዳ ስፋት ስትሰሉት ብርሃኑ 9 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ሌንሱ የሚሰበስበው ብርሃን እኮ ያው ነው፣ አንድ ጭልፋ ወጥ ሰፊ እንጀራ ላይ ሲፈስ እንደሚሳሳው ነው። እኩለ ቀን ላይ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ ግን፣ ማለትም ወፉ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ምስሉ ጭልም ይላል። እና 50 ወይ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ 100 እጥፍ አጎላለሁ የሚል ርካሽ ስኮፕ ሲያጋጥማችሁ ይሄን ማካፈል ብቻ ስሩለት፣ መልሱን ራሱ ይነግራችኋል።

ሌላው ሙቀት ነው። አብያታ ሂዱና እዩት፣ ሐይቁ ከድሮ ዳርቻው በጣም ሸሽቷል፣ ፍላሚንጎዎቹ ያሉት ከጭቃው ማዶ ነው፣ ጭቃው ደግሞ ስለሚያሰምጥ መቅረብ አይቻልም። ለዚህ ቦታ ስኮፕ የግድ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 30 ወይ 40 እጥፍ ላይ አድርጋችሁ ስታዩ ምንቃራቸው ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ሁሉ ይለያል። 4 ሰዓት አለፍ ሲል ግን መሬቱ ይሞቅና አየሩ መርገብገብ ይጀምራል፣ ያኔ 60 ላይ ብታደርጉት የምታዩት ሮዝ ነገር ሲወዛወዝ ብቻ ነው፣ ስኮፑ የፈለገ ውድ ይሁን። ልምድ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ባለው ውስጥ ነው የሚሰሩት።

ስለዚህ ብራችሁን የሌንሱ ጥራት ላይ አውሉት። ሱቅ ስትገቡ ስኮፑን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሰማይ ጀርባው የሆነ የመብራት ሽቦ ወይ አንቴና ላይ አነጣጥሩ፣ የሽቦው ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅና አረንጓዴ መስመር ጎልቶ ከታየ ሰማይ ላይ ያለ አሞራም እንደዛው ነው የሚታያችሁ፣ ኢዲ የሚባለው መስታወት ያላቸው እሱን በጣም ይቀንሱታል። ለሐይቅ ዳር 80 ወይ 85፣ ተሸክማችሁ ሰሜን ተራራ ወይ ባሌ ለምትወጡ ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ክብደቱ ለእግር ጉዞ ይሻላል። መነፅር የምታደርጉ ከሆነ መነፅራችሁን ሳታወልቁ ሙሉ ክቡ ይታያችሁ እንደሆነ እዛው ሞክሩ።

«ስልኬን ስኮፑ ላይ ካሰርኩት ካሜራ አልፈልግም»

ግማሹ እውነት ነው። በስኮፕ ፎቶ ማንሳት ዲጂስኮፒንግ ይባላል፣ ሎረንስ ፖህ የሚባል የማሌዥያ ወፍ ተመልካች በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ስኮፑ ላይ ደግኖ ሞክሮ ነው ነገሩ ዓለም ላይ የተስፋፋው። ዛሬ በስልክ ነው የሚሰራው። የካሜራ ሌንስ ላይ ሚሊ ሜትር ሲባል የፊተኛው ሌንስ ስፋት ሳይሆን ፎካል ሌንግዝ የሚባለው ርዝመት ነው፣ ሲበዛ ያቀርባል። የስልክ ዋና ካሜራ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ስኮፑ 20 ላይ ሲሆን እሱን በ20 አባዙት፣ 520 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለውን ያህል ቅርብ ያደርጋል ማለት ነው። ለቆመ ወፍ፣ ዝርያውን ለመለየትና ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ለማግኘት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ዝዋይ ውሃው ዳር ቅጠል ላይ የምትራመድ ጃካና በዚህ አሪፍ ትወጣለች።

የሚበር ወፍ ግን እርሱት፣ ተከትላችሁ ክቡ ውስጥ ማስገባት ራሱ ጭንቅ ነው፣ ፎከሱ በእጅ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ይዘገያል። ስልካችሁ ሦስት ካሜራ ካለው ስልኩን ስኮፑ ላይ የሚይዘው አስማሚ ዋናው ካሜራ ላይ በትክክል መሃል መቀመጥ አለበት፣ አንዳንድ ስልክ ብርሃን ሲቀንስ ሳይጠይቃችሁ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይዘልና ጥቁር ብቻ ያሳያችኋል፣ ይሄን የምታጠፉበት ሴቲንግ ካለው አጥፉት። ዳር ዳሩ ላይ የሚመጣውን ጥቁር ክብ ለማጥፋት ስልኩን ትንሽ ዙም አድርጉት እንጂ ስኮፑን 60 ላይ አትውሰዱት። ስክሪኑን በጣት መንካት ስኮፑን ያንቀጠቅጣልና የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ ወይም ቮሊዩም ቁልፍ ባለው ኢርፎን አንሱ።

«ሜጋፒክስል የበዛው ካሜራ ጥርት ያለ ወፍ ያወጣል»

አያወጣም። 20 ሜጋፒክስል ለማንኛውም የወፍ ፎቶ ይበቃል። ፎከሱ ከሳተ ወይ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ማለትም ሸተሩ፣ ከዘገየ 45 ሜጋፒክስል የሚሰጣችሁ ትልቅ ብዥታ ነው።

«3000 ሚሊ ሜትር ዙም ያለው ካሜራ የፕሮፌሽናል ሌንስ ያስንቃል»

በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ኒኮን ፒ1000 ላይ 3000 የሚል ቁጥር አለ፣ ሰው ይሄን አይቶ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ አምስት እጥፍ ያነሰ ይመስለዋል። የካሜራው ትክክለኛ ሌንስ ግን 539 ሚሊ ሜትር ነው። 3000 የሚለው ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ ምስል የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ በሆነበት ካሜራ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጠባብ እይታ ለማግኘት ምን ያህል ሌንስ ያስፈልግ ነበር የሚለው ስሌት ነው። እንዲህ የሚሆነው ሴንሰሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው፣ በቆዳ ስፋት ከሙሉ ፍሬም 30 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ ወፍ ቆንጆ ይሰራል፣ ዝርያ ለመለየትም በጣም ይጠቅማል፣ እና ብር ያጠረው ሰው ቢገዛው አልቃወምም። ግን ጥላ ውስጥ ሲሆን ላባው ወደ ቀለም ቅብ ይለወጣል፣ ለሚበር ወፍም ፎከሱ አይደርስም።

ከሙሉ ፍሬም አነስ በሚለው ክሮፕ ሴንሰርም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይባላል፣ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ 600 ይሆናል ይላሉ። ሌንሱ አልረዘመም፣ ሴንሰሩ የምስሉን መሃል ብቻ ነው የሚቆርጠው። የሚጠቅመው ግን ይጠቅማል፣ ወፍ ብዙ ጊዜ ፍሬም ስለማይሞላ ለጀማሪ ክሮፕ ካሜራ እመርጣለሁ፣ ሌንሱም ቦዲውም ይረክሳል።

«600 ሚሊ ሜትር ካለኝ መቅረብ አያስፈልገኝም»

አብያታ ላይ ያልኩት ሙቀት ለካሜራ ሌንስም ይሠራል። ከ100 ሜትር በ600 ከተነሳ ወፍ ከ15 ሜትር በ300 የተነሳው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ በመሃል ያለው አየር ያነሰ ነዋ። ቀስ ብሎ መጠጋት፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማንሳት፣ እነዚህ ነፃ ናቸው።

በተቃራኒው ደግሞ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ ሂዱ። እነዛ አባ ኮዳ የሚሏቸው ማራቡ ስቶርኮች የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም ሰው መሃል ነው የሚመላለሱት፣ ሁለት ሜትር ላይ ይቆማሉ። እዛ 150-600 ይዛችሁ ብትቆሙ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሌንሶች ከሁለት ሜትር ተኩል ወዲህ ፎከስ አይዙም፣ ያዙ ቢባልም የሚገባላችሁ መላጣው ራሱና ምንቃሩ ብቻ ነው። 70-300 ሚሊ ሜትር እዛ ቦታ ንጉሥ ነው፣ በቅናሽም ይገኛል።

ቴሌኮንቨርተር፣ ማለትም ካሜራና ሌንስ መሃል የሚገባ ማጉያ፣ ገዝቼ ሌንሴን አስረዝማለሁ የሚሉም አሉ። 1.4 የሚለው ብርሃኑን በግማሽ፣ 2 የሚለው ወደ ሩብ ይቀንሰዋል። ኤፍ የሚለው የሌንሱን ቀዳዳ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ኤፍ 6.3 የሆነ ሌንስ ላይ 2 እጥፉን ብትገጥሙ ኤፍ 13 ገደማ ይሆናል፣ አብዛኞቹ ዲኤስኤልአሮች፣ ማለትም ውስጣቸው የሚታጠፍ መስታወት ያላቸው ካሜራዎች፣ እዛ ላይ አውቶፎከስ አይሰሩም። ተውት።

«አይኤስኦ ከፍ ካለ ፎቶው ይበላሻል፣ ስታብላይዘር ካለ ደግሞ ሸተር ችግር የለውም»

ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ አብሬ ልመልስ። አይኤስኦ ካሜራው ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚያጎላው የሚወስን ቁጥር ነው። ስታብላይዘር የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው፣ ወፉን አይደለም። መናገሻ ሱባ ጫካ ጥዱ ስር ቱራኮ አገኛችሁ እንበል፣ ኤፍ 6.3 ሌንስ ይዛችሁ አይኤስኦ 400 ላይ ሙጭጭ ካላችሁ ሸተሩ 1/60 ሰከንድ ምናምን ይወርዳል፣ ወፉ አንገቱን ሲያዞር ፎቶው አለቀለት። አይኤስኦውን 3200 አድርጉት፣ ሸተሩ 1/500 ይጠጋል፣ ትንሽ ኖይዝ፣ ማለትም አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ይኖራል፣ ኖይዝ ደግሞ በሶፍትዌር ይጸዳል፣ ብዥታ ግን አይጸዳም። ጨለማ አድርጎ አንስቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማብራትም ኖይዙን አይቀንስም፣ እንዲያውም ያጎላዋል። ለሚበር ወፍ 1/2000፣ ለትናንሾቹ ከዛም በላይ።

«ትራይፖድ ያው ትራይፖድ ነው»

ሰው ለስኮፕ ብዙ ብር ያወጣና ለስልክ ቪዲዮ የተሰራ ቀጭን ትራይፖድ ላይ ያቆመዋል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ነፋሱ አያስቆማችሁም፣ 30 እጥፍ የተጎላ ምስል ሲንቀጠቀጥ ንቅንቅታውም 30 እጥፍ ይጎላል። ከበጀታችሁ ለትራይፖድና ስኮፑን በለስላሳው ለሚያዞረው አናቱ፣ ለፍሉይድ ሄድ፣ የሚሆን ቀድማችሁ ለዩ። የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትምዘዙት፣ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉበት፣ እግሩንም ዝቅ አድርጉ። ማያው ወደ ላይ ያዘነበለ ስኮፕ ከገዛችሁ ትራይፖዱ አጭር ሆኖም ይሰራል፣ ተማሪዎች ይዛችሁ ስትወጡም ረጅሙም አጭሩም ሳይቸገር ያያል።

«ቢኖኩላር የጀማሪ ነው፣ እኔ በቀጥታ ስኮፕ»

ስኮፑ ከመደገኑ በፊት ወፉን የሚያገኘው ቢኖኩላር ነው። 8 በ42 ግዙ፣ ወፍ ሲያሳዩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጋይዶች ራሱ አንገታቸው ላይ የምታዩት እሱን ነው። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ቢኖኩላር ቦሌ ላይ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ።

«ያገለገለ እቃ አይገዛም»

ይገዛል፣ ተፈትሾ። የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ አንድ ጫፍ አስገቡና በሌላኛው ጫፍ ተመልከቱ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነውና መልሱት፣ ጥቂት አቧራ ግን ምንም አያደርግም። ኒኮን ላይ ደግሞ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፣ ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ቦዲዎች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፣ ስለዚህ እንደ ድሮው 80-400 ዲ ያለ ሌንስ ርካሽ አገኘን ብላችሁ ብትገዙ ፎከሱን በእጃችሁ ነው የምታዞሩት፣ ለወፍ ደግሞ ይሄ አይሆንም። ካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአንጻሩ በአስማሚ አዲሶቹ ሚረርለሶች፣ ማለትም መስታወት አልባ ካሜራዎች፣ ላይ ደህና ይሠራሉ። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌንሱን ግጠሙት፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ጣሪያ ላይ ያለች እርግብ ላይ ፎከስ አስይዙና አሥር ያህል አንሱ፣ አይኗን አጉልታችሁ እዩት፣ ከዛ ስለ ዋጋው አውሩ።