የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና በባሕር ዳር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በባሕር ዳር ዛሬም «ማትሪክ» ነው። «የመውጫ ፈተና» የሚባለው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚቀመጡለት ሌላ ፈተና ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በጣና ዙሪያ የመመዘን ልማድ ከማትሪክ እጅግ ይቀድማል። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ በጋይንት፣ ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የዘለቀ ደቀ መዝሙር ወደ ቤተልሔም ገዳም ወርዶ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች የተማረም ወደ ዙር አምባ ገዳም ወጥቶ ብቃቱን ያስመሰክራል። ቀን የሚቆርጥ አካል የለም፤ መምህሩ «በቃህ» እስኪለው ይቀመጣል።

ዘመናዊው ፈተና ለረጅም ጊዜ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጥ ነበር። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ እሱም በ2011 ዓ.ም. አበቃ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ጥያቄዎቹ አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ቀን ተቆረጠለት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጥቅምት 8 ቀን ጀመሩ። የቀድሞውን ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጅ አዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው አንጋፋው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በሩን ከከፈቱት አንዱ ነበር። ተማሪው አንሶላና ብርድ ልብሱን፣ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫውን ይዞ ይመጣል። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ግን በር ላይ ይቀራሉ። ፈታኞቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ መምህራን ናቸው፤ በመልስ ወረቀቱ ላይ ክብ የምታጠቁር ልጅ አስተማሪዋን ቀና ብላ የምታይበት ዕድል የለም። ይህ መልካም ነው፣ ምንም እንኳ ለብዙዎቹ ከቤት ውጭ ያደሩበት የመጀመሪያው ሌሊት ቢሆንም። በዚያው ዙር በክልሉ አንዳንድ ግቢዎች ፈተናውን ጥለው የወጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ምክንያቱን እያንዳንዱ ወገን በራሱ መንገድ ይተርካል።

ውጤቱ አስደነገጠ። በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃ በመቅረቱ እውነቱ ታየ አለ። የመማሪያ መጻሕፍት እጥረትና የወረርሽኙ ዓመታት መስተጓጎል አብረው መቆጠር አለባቸው የሚሉም አሉ፣ የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። መቁረጫውን ላላሟሉ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል»፣ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ፤ ከ2016 ጀምሮም የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይፈተናሉ።

በአማራ ክልል ግን እነዚህን አኃዞች ብቻቸውን ማንበብ ያሳስታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ ብዙ ተማሪዎች ከመውደቅና ከማለፍ በፊት ለፈተናው መመዝገብ እንኳ አልቻሉም።