በብረታ ብረት ገጽ ላይ ያለ ግራፊን በአዮን ሲደበደብ

ግራፊን ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በሚጣበቅ ፕላስተር እየላጡ ለይተውታል። ጎንደር ውስጥ አንድ ተማሪ የሚቀርጸው እርሳስም ውስጡ የዚሁ ንጣፍ ድርብርብ ነው።

በብረታ ብረት ላይ ግን ግራፊን በማብቀል ይገኛል፤ እንደ ኤቲሊን ያለ ጋዝ የጋለ ኢሪዲየም፣ ኒኬል ወይም መዳብ ገጽ ላይ ሲፈርስ ካርቦኑ በራሱ ይደራጃል። አያያዙ ግን እንደ ብረቱ ይለያያል፤ ከኢሪዲየም 0.34 ናኖሜትር ያህል ርቆ ላላ ብሎ ሲቀመጥ፣ ኒኬል ላይ ወደ 0.21 ናኖሜትር ተጠግቶ ይጣበቃል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕልን ያስተዋለ ሰው ይህን ልዩነት አይስተውም፤ በደንብ ያልተጣበቀ ሸራ ከጀርባው አየር ይቋጥራል።

አዮን የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም ሲሆን፣ ለድብደባው በብዛት የሚመረጡት በቫኪዩም (አየር በሌለበት ክፍል) ውስጥ የሚወረወሩ የአርጎንና የዜኖን አዮኖች ናቸው። ከ22 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶሞች ኃይል የሚለካበት አሃድ) ገደማ በላይ ኃይል የደረሰው የካርቦን አቶም ቦታውን ለቆ ክፍተት ይተዋል። ከሥሩ ምንም በሌለው ግራፊን እንዲህ የተነቀለው አቶም በርሮ ይጠፋል፤ ብረት ሥሩ ካለ ግን ብዙ ጊዜ በንጣፉና በብረቱ መካከል ተይዞ ይቀራል። የክፍተቱ ዳር አቶሞችም ጓደኛ ያጣ እጃቸውን ወደ ታች አጥፈው ብረቱን ይይዛሉ። በእኔ እይታ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው አዮኑ ቢሆንም ጉዳቱ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ የሚወስነው ከሥር ያለው ብረት ነው። ብረቱ ሁልጊዜ ይጠብቃል ማለት ግን አይደለም፤ በአዮኑ ተመትተው ወደ ላይ የሚፈናጠሩ የራሱ አቶሞች ንጣፉን ከታች ሊወጉት ይችላሉ።

ኃይሉ ዝቅ ሲል ነገሩ ይለወጣል፤ በዝግታ የተላከ የናይትሮጅን አዮን የተነቀለውን ካርቦን ተክቶ በንጣፉ ውስጥ ይሰፍራል፤ የኤሌክትሮኖቹንም ብዛት ይለውጣል።

ከድብደባው በኋላ ናሙናው ሲሞቅ የተበታተኑት ክፍተቶች ይሰባሰባሉ፤ ኢሪዲየም ላይ በየ2.5 ናኖሜትሩ የሚደጋገመውን የሞይሬ ንድፍ (የግራፊኑና የብረቱ የአቶም ድርድሮች ሲደራረቡ የሚፈጠረውን ሰፋ ያለ ንድፍ) ተከትለው ሊደረደሩም ይችላሉ። ከሥር የታሰረው ካርቦን ጥቃቅን ሰሌዳ ሲሠራ፣ በድብደባው ንጣፉን ወግቶ ከሥሩ የገባው ዜኖን ደግሞ ተጠራቅሞ ንጣፉን ያሳብጠዋል። ያልተበሳ ግራፊን ሂሊየምን እንኳ ስለማያሳልፍ በእነዚህ እብጠቶች ውስጥ ያለው ግፊት እስከ ጊጋፓስካል (የከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ እጥፍ ያህል) ይደርሳል።