አቶሚክ ቼዝ፦ ቡና ቤታችን ውስጥ በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

ክረምት ላይ ጅማ ዝናቡ ከሰዓት ከጀመረ በቃ የትም አይኬድም፣ እኛም ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ቁጭ ብለን አቦሉ እስኪደርስ ቼዝ እንገጥማለን። ሰሞኑን የያዘን አቶሚክ የሚባለው ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፣ አደራደሩም አካሄዱም እንደ ተራው ቼዝ ሆኖ አንዱ ሌላውን ሲበላ ቦታው ይፈነዳል፣ የተበላውም የበላውም ዙሪያውን 8 ቤት ውስጥ ያለውም ጠጠር (ከወታደር በቀር) ይነሳል። የሌላውን ንጉሥ ያፈነዳ አሸነፈ (ቼክሜትም ይሰራል)። ህጉ ይቺው ናት ግን ተራውን ቼዝ የለመደ ሰው ሲመጣ የሚናገረው ነገር ያስቀኛል፣ እኔም እንደዛው ስል ነበር እንጂ።

«ፈረሴን ደግፌዋለሁ፣ ማንም አይነካውም»

ይሄ የሁሉም በሽታ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ አሉ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ተራውን ቼዝ እኛን አስለቅሰው ነው የሚያሸንፉት። መጀመሪያ ቀን ፈረሳቸውን መሀል አስገቡና በወታደር ደገፉት፣ ንግሥታቸውም ከፈረሱ ጎን ነበረች። እኔ በቢሾፔ በላሁት። ቢሾፔ ሄደ፣ ፈረሱ ሄደ፣ ንግሥቲቱም አብራ ሄደች። ጋሼ ወታደሩን አንስተው መልሰው ሊበሉ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ፣ የሚበላ ምንም የለም! እኔም «ጋሼ የበላው እኮ እሱም ሞቷል» አልኳቸው። ድጋፍ የሚሰራው የበላው ጠጠር እዛው ቆሞ ሲገኝ ነው፣ እዚህ ግን አይቆምም። ስለዚህ ማን ደግፎታል ሳይሆን ከጎኑ ማን ቆሟል ነው የሚታየው፣ ተበልቶ ሊፈነዳ ከሚችል ጠጠር አጠገብ ንግሥትህን ማቆም ማለት እሷንም አብረህ መስጠት ማለት ነው።

«ፍንዳታው ሁሉንም ይጠርጋል»

አይጠርግም። ወታደሮች ጎናቸው ቢፈነዳም አይነኩም፣ የሚሞቱት ራሳቸው ሲበሉ ወይ ሲበሉ... ማለቴ በልተው ወይ ተበልተው ብቻ ነው። ደግሞ አንዱ የፈነዳው ሌላውን እያፈነዳ እንደ ርችት አይቀጥልም፣ አንድ ጊዜ ነው የሚፈነዳው ከዛ በቃ።

«ሁለት ንጉሥ ጎን ለጎን መቆም አይችልም»

ይችላል እንጂ! ንጉሥ እዚህ ጨዋታ ላይ ምንም አይበላም፣ ከበላ ራሱ ይፈነዳላ። የራስህን ንጉሥ የሚያፈነዳ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም፣ «አብረን እንለቅ» የሚባል ነገር የለም። እና ሁለቱ ንጉሦች ከተጣበቁ አንዱን ያፈነዳ የራሱንም ስለሚያፈነዳ ቼክ (ንጉሥን ማስፈራራት) ራሱ ትርጉም ያጣል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ የጠላቱ ንጉሥ ላይ ተለጥፎ እየተከተለው ሊያመልጥ ይሞክራል፣ ልክ ዱላ የያዘ ሰው ሲመጣ እናቱ ቀሚስ ስር እንደሚገባ ልጅ።

ከዚሁ የሚመጣ ሌላም አለ። የኔ ንግሥት ምንም ሳትበላ ንጉሥህ አጠገብ ብታርፍ «ደጋፊ የላትም በላኋት» ትላለህ። በምን? ንጉሡ አይበላም፣ ሌላው ጠጠርህ ቢበላት ደግሞ ፍንዳታው ንጉሥህን ይዞ ይሄዳል። አንድ ማምለጫ አለ፣ ከንግሥቷ ጎን ግን ከንጉሥህ የራቀ ቤት ላይ የምትበላው ነገር ካለ በዛ ትጠርጋታለህ፣ ከሌለ ንጉሥህን ይዘህ መሸሽ ነው፣ መሸሻ ካለህ።

«ቼክ ከተባልክ መጀመሪያ ንጉሥህን አድን»

አንተ በዚህ ተራ የሱን ንጉሥ ማፈንዳት ከቻልክ ቼኩን ጥለኸው አፈንዳ፣ ጨዋታው አለቀ። እኔ ሁለት ጊዜ ንጉሤን ሳሸሽ የተሸነፍኩት እጄ ላይ ያለ ድል ሳላይ ነው፣ ያናድዳል።

«ዕድል ነው እንጂ ችሎታ የለውም»

ዳይስ የለው ካርታ የለው፣ ዕድሉ ከየት ይመጣል? እስቲ ነጭ ሆነህ የንጉሡን ወገን ፈረስ ወደ መሀል በኩል አውጣ፣ ጥቁሩ ዝም ብሎ የዳር ወታደር ቢገፋ ፈረሱን መሀል ሰሌዳ አሻግረው። አሁን ፈረሱ ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት ካለው ወታደር ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ወታደሮች ያያል፣ አንዱን ቢበላ ንጉሡ እዛው ጎን ስለሆነ አብሮ ይፈነዳል፣ ሁለቱንም መከላከል ደግሞ አይቻልም። በ3ኛው እርምጃ አለቀ። መድኃኒቱ ጥቁሩ ገና ፈረሱ እንደወጣ በራሱ ንጉሥ ወገን ካለው ቢሾፕ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት መግፋት ነው፣ ያኔ ፈረሱ መሀል ቢገባ ወታደሩ ያፈነዳዋል። ነጭ ጥሩ ብልጫ አለው፣ ይሄ እውነት ነው፣ እኛም በየጨዋታው ቀለም የምንቀያየረው ለዚህ ነው። (የጅማ ነገሥታት በፈረስ ስማቸው ነው የሚጠሩት፣ አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው፣ እኛ አገር ፈረስ ንጉሥ ቢያስፈራራ ምን ይገርማል።)

«የድሮውን ጨዋታ ያበላሸ የኢንተርኔት ቀልድ ነው»

ኢንተርኔት ላይ የገባው በ2000 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን የቼዝ ሰርቨር ነው፣ ግን ሰዎች ከዛ በፊትም በሰሌዳ ይጫወቱት ነበር። ህግ መቀያየሩም አዲስ አይደለም፣ የኛው አገር የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው፣ ወረራ የሚባል ነገር ነበረው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው «እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ጠጠሩን መደርደር ጀመሩ፣ ጥቁር ደርሷቸው ነበር፣ ፈረሴን ገና ሳልለቀው ያቺን ወታደር ገፏት።